የምርጫ ቀን ጥማዶች

ድሩሲላ ቤክዊዝ አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ሁለት ልጆች ግን አሳድጋለች። ልጆቹ የገዛ ወንድሞቿ ናቸው። ጢም አውጥተው፣ ጎጆ ወጥተው፣ ጠጉራቸው ገብስማ ሆኖ እንኳ እሷ ፊት ሲቆሙ ጆሯቸውን ልትቆነጥጣቸው የምትነሳ ይመስላቸው ነበር። አንዳንዴም ትነሳለች።

እናታቸው የሞተችው በወተት በሽታ ነው። ላም ጫካ ገብታ ያንን ነጭ አበባ ያለውን ክፉ ቅጠል ስትግጥ ወተቷ መርዝ ይሆናል፤ እዚህ ኢንዲያና፣ ኢል ወንዝ ዳር በዚህ ሰበብ ሰው ያልቀበረ ቤት አልነበረም። ድሩሲላ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃርላን ስምንት፣ ቨርጂል አምስት። አባትየው ሐዘኑን እርሻው ላይ ተወጣው፤ ቤቱንና ልጆቹን ለሷ ጣለላት። አንድ ጫማ ሠሪ ሊያገባት ጠይቆ ነበር። "እነዚህን ለማን ጥዬ?" አለችው። ሰውየው ሌላ አገባ። ኋላ ሰዎች ሊነካኳት ሲያነሱባት፣ "ከነጫማው ይቅናው" ትልና ትስቃለች።

ሴትዮዋ ያላመሰገነችበት ነገር አልነበረም። ዝናብ ቢጥል ለበቆሎው ተመስገን፤ ባይጥል ደግሞ ያጠበችው ልብስ ይደርቃልና ተመስገን። አንዴ ጥርሷን ታማ ጉንጯ እንደ ዱባ አብጦ ቤተ ክርስቲያን መጣች። "እንዴት ነሽ?" ሲሏት፣ "ተመስገን፣ በዚህኛው በኩል እኮ አኝክበታለሁ!" አለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ አንዳንዴ ያናድድ ነበር። ሰው አጥሩ ወድቆበት፣ አሳማው ጠፍቶበት እያለ ተመስገን ሲሉት ደስ አይለውም።

ወንድሞቿ ግን ላመስጋኝም ያስቸግሩ ነበር። እሳትና ጭድ! ሃርላን ቃል ከአፉ በጉጠት የማይወጣ ዝምተኛ ነው። ቨርጂል ደግሞ ተኝቶም የሚያወራ። የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ሲመጣ ሃርላን ሰማያዊውን የሰሜን መለዮ ለብሶ ዘመተና ዳሌው ውስጥ ጥይት ይዞ ተመለሰ። ቨርጂል "ከእናቴ ዘመዶች ጋር አልታኮስም" ብሎ ቀረ። እናታቸው ከደቡብ፣ ከኬንታኪ ነበረች። ቀርቶም የራሱንም የወንድሙንም መሬት እያረሰ ቆየው። ይሄንን ውለታ ሃርላን ያውቀዋል፤ ግን ሲያነክስ ጥይቱ ውለታውን ያስረሳዋል። ጥይቱ ዳሌው ውስጥ እስካለ ድረስ ከሪፐብሊካን ሌላ እንደማይመርጥ ምሎ ነበር። ቨርጂል እንደ አባቱ ዴሞክራት ነው፤ እሱም ንቅንቅ የለ።

በ1868 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ ቨርጂል ድንበራቸው ላይ፣ ልክ የሃርላን መስኮት ትይዩ፣ ቁመቱ ሰማይ የሚነካ የሂኮሪ ዛፍ ግንድ አቆመና ጫፉ ላይ የዴሞክራቶቹን ባንዲራ ሰቀለ። ጠዋት ሃርላን ተነሳ፣ አየው። መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ግንዱ ሲወድቅ የቨርጂልን የዶሮ ቤት ይዞት ወደቀ። ከዚያማ ጉድ ፈላ! ሁለት የሠላሳ ምናምን ዓመት ጎልማሶች የአሳማው ጉረኖ ውስጥ ገብተው ተያያዙ። ጎረቤት ተሰብስቦ "ኧረ ተው!" ይላል እንጂ የሚገላግል ጠፋ። ድሩሲላ የአሳማ እጣቢ ባልዲ ይዛ እየመጣች ነበር። ለአሳማ ያሰበችውን ለወንድሞቿ አፈሰሰችው።

"በቃ?" አለች፣ ባልዲውን እንደያዘች። "ወይስ ሌላ ልቅዳ?"

ሁለቱም የድንች ልጣጭ ከጢማቸው ላይ ያነሱ ጀመር።

"እኔ እናንተን ያሳደግሁት አሳማ እንድትሆኑ አይደለም። አሳማ አለኝ፤ ይበቃኛል። አሁን ስሙኝ። የምርጫ ቀን የትም አትሄዱም። ጥማድ ትገባላችሁ።"

"እታለም!" አለ ቨርጂል፤ ሁለቱም እታለም ነው የሚሏት። "ድምፄን ልታስቀሪኝ ነው?"

"የሱንም አስቀረዋለሁ። ምን ጎደለብህ?"

ጥማድ እኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ምርጫው የሚውለው ኖቬምበር ላይ፣ በቆሎው እማሳው ቆሞ የሚሸለቅቀው በሚጠብቅበት ጊዜ ነው። እናም የተለያየ ፓርቲ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች እጅ ይመታሉ፦ አንተ አትሄድ፣ እኔም አልሄድም። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ነው፤ ድምፃቸው ይጣፋል፣ አገርም ምንም አይጎድልባትም። በዚያ መሀል በቆሎው ይሰበሰባል። እንደ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ናቸው ተብሎ ነው ስሙ የወጣው። ጥማድን ያፈረሰ ሰው እዚህ አገር ላም ሰርቆ ከተያዘ ሰው ብዙም አይሻልም።

የዚያን ቀን ከአንድ ጋሪ ጎን አሰለፈቻቸው። ሃርላን በግራ ረድፍ፣ ቨርጂል በቀኝ፣ እየሸለቀቁ ወደ ጋሪው ይወረውራሉ። እስከ ምሳ ድረስ የሚሰማው በቆሎው እንጨቱን ሲመታ ብቻ ነበር። የበቆሎ ዳቦና ጨው ያለው ሥጋ ይዛላቸው ሄደች፤ ጀርባ ለጀርባ ቆመው በሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ማዕድ ቤት ውስጥ ሆና ሳቅ ሰማች። የቨርጂል መስሏት ነበር፤ ሁለተኛ ስታዳምጥ የሃርላን ነው። የአባታቸው በቅሎ የሰባኪውን ባርኔጣ የበላበትን ቀን አንስተው ኖሯል። ድሩሲላ የዱቄት በርሜሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሽርጧን አፏ ላይ ይዛ፣ እንዳይሰሟት።

በሰባ ሁለቱም ምርጫ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ቨርጂል ሚስቱን ሜሊሳንና ልጆቹን ጭኖ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካንሳስ ሄደ። መሬት በነፃ ይሰጣሉ ተባለና። ሲሰናበቱ ሃርላን እጁን ጨበጠው። "ጥማዱ እንዳለ ነው" አለ በመጨረሻ።

"እንዳለ ነው" አለ ቨርጂል።

እንዴት ይሁን የሚለውን የቀየሰችው ድሩሲላ ናት። በቆሎ አብረው መሸልቀቅ ከቀረ፣ በምርጫው ቀን ሁለቱም እቤታቸው ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ላለመሄዱ ማስረጃ ነው፤ ከታች የቤት ሰው ይፈርምበታል። ስለ ፓርቲ አንዲት ቃል አይነሳም።

ደብዳቤ ለቨርጂል ምንም አይደል። ለሃርላን ግን ብዕር ማለት ከሞፈር የከበደ ዕቃ ነው። በሌላው ጊዜ ለካንሳስ የምትጽፈው እሷ ናት፤ የሱን ሰላምታ "ሃርላን ደህና ነው" ብላ በአንድ መስመር ትጨምራለች። በራሱ እጅ የሚጽፈው በምርጫ ቀን ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን በሩን ዘግቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ብርሃን እስኪደክም ይጽፋል። ሰው ፊት የማይወጣው ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር።

የሰባ ስድስቱ የቨርጂል ደብዳቤ እንዲህ ነበር የሚለው፦ አንበጣው መጥቶ እህሉን ጨርሶ የመጥረቢያውን እጀታ ሳይቀር እንደላሰው፤ ከዚያ በሙቀቱ ወራት ትንሹ ልጅ በተቅማጥ እንዳረፈባቸው። "ስሙን ሃርላን ብዬው ነበር" ይላል። "ልነግርህ የፈለግሁት ሲያድግና ሲያኮራኝ ነበር።" ሃርላን ቆሞ አነበበና ወደ ጎተራ ሄደ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ውስጥ አቧራ እንደገባበት ተናገረ፤ ድሩሲላም "አቧራው ክፉ ነው ዘንድሮ" አለች። በሳምንቱ አንድ በርሜል የደረቀ ፖምና አንድ ከረጢት ምርጥ የበቆሎ ዘር በባቡር ተላከ።

የሰማንያው ምርጫ ሲደርስ የሃርላን ሚስት ከሞተች ዓመቷ ነበር። ድሩሲላ ቤቱን ልትይዝለት ጓዟን ጠቅልላ እሱ ዘንድ ገብታለች። ሃርላን ዓመቱን ሙሉ የሟችን ስም አላነሳም፤ ወንበሯን እንኳ ዞር ብሎ ነው የሚያልፈው። የዚያን ቀን ግን ለቨርጂል ሁለት ገጽ ሙሉ ስለሷ ጻፈ። ድሩሲላ ልትፈርም ስትቀበለው ዓይኗ መስመሮቹ ላይ ወደቀ፤ ወንድሟ ሚስቱን እንዴት ይወዳት እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ፈርማ አሸገችው። እዚያ ማዶ ይህንን የሚያነብለት ሰው ስላለ፣ ስለዚያ ሰው ፈጣሪዋን አመሰገነች።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ላይ እያለ ነው የሰማንያ አራቱ ምርጫ የመጣው።

ሚስተር ቶሊቨር የመንገድ ማዶ ባለሱቅና የሰፈሩ ሪፐብሊካኖች አስተባባሪ ነው። ወሬኛ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ክፋት የሌለው ሰው። በኦክቶበር አንድ ቀን በቤት ለቤት ቅስቀሳው መጣና የድሩሲላን የፖም ኬክ ሁለት ቁራጭ ዋጥ አድርጎ ሦስተኛውን ያይ ጀመር።

"ሃርላን፣ ዘንድሮስ እንደ ሙሽራ ቤት ልትቀመጥ ነው?"

"ጥማድ አለብኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ከወንድሜ።"

"ቨርጂል ካንሳስ አይደለም እንዴ?"

"ካንሳስ ነው።"

ቶሊቨር መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀልድ እንዳልሆነ ሲያውቅ ሳቁ ኬኩን ትን አስባለው፤ ድሩሲላ ጀርባውን መታችለት።

"እግዜር ይስጥልኝ እመት ድሩሲላ... ኧረ ሃርላን! ሃርላን፣ ወንድሜ! አንተ እዚህ የሸለቀቅኸው በቆሎና ቨርጂል ካንሳስ የሸለቀቀው በቆሎ በአንድ ጎተራ ነው የሚገባው?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ድምፅም እንዲሁ ነዋ! እያንዳንዱ ግዛት የየራሱን ጎተራ ነው የሚቆጥረው። በግዛቷ የበለጠ ያገኘ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ካንሳስ ከተፈጠረች ጀምሮ የኛ ናት። ቨርጂል ቢመርጥ፣ ባይመርጥ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቢጮህ ዝንብ አይነሳም! ኢንዲያና ግን ለጥቂት ነው የምንሸናነፈው። ያንተ ድምፅ እዚህ ወርቅ ነው። የሱ እዚያ ገለባ ነው። ወርቅህን በገለባ እየለወጥክ ነው የኖርከው!" ሦስተኛውን ኬክ አነሳ። "በሰባ ስድስት ኢንዲያና ስታመልጠን አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር ማለት ነው?"

የሃርላን ፊት እንደ ጦርነቱ ጊዜ ሆነ። ቶሊቨር የነካው ነገር ምን እንደሆነ ሳይገባው ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ድሩሲላ እጇን በሽርጧ ስትጠርግ ቆየች፤ እጇ እርጥብ አልነበረም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ያጣመድኳችሁ እኔ ነኝ። እሱ ሲሄድ ያልፈታኋችሁም እኔ ነኝ። ለሴት ድምፅ ካልሰጡ፣ የት የት እንደሚቆጠር በምን ልወቀው?"

"አንቺን አልወቀስኩም።"

"ታዲያ ማንን ነው የምትገላምጠው? ግድግዳውን?"

"ቨርጂል ያውቅ ነበር።"

"ከየት አመጣኸው?"

"ጋዜጣ ይበላል እኮ እሱ! ከሕፃንነቱ። እኔ ባላውቅ አላውቅም፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ በሆዱ ስቆብኛል።"

"ልጁን ቀብሮ ነው የሚስቅብህ?"

ይሄ ትንሽ አስደነገጠው። ግን የሰው ቁጣ አንዴ ከጋለበ ልጓም አይይዘውም። ተነሳና የእንጨት ሳጥኑን በእግሩ መታው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

"ዘንድሮ እመርጣለሁ" አለ።

"ሃርላን! የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል! ፕሬዚዳንቱ ማንም ይሁን ማን፣ ስትሞት ሊቀብርህ አይመጣም። ያለህ አንድ ወንድም ነው። ይሄ ጥማድ ከፈረሰ ሁለታችሁ ሁለተኛ አትጻጻፉም፤ አውቃችኋለሁ። አንተ ታፍራለህ፣ እሱ ይኮራል፣ እኔ እሞታለሁ፣ በቃ!"

"አንቺ አትሞቺም" አለና ወጣ።

ያ ወር ለድሩሲላ ረጅም ነበር። ነገሩን በየቀኑ ታነሳበታለች፤ ስትቆጣው፣ ስትለምነው፣ ሾርባው ውስጥ የሚወደውን የአጥንት መቅኒ ስትጨምርለት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ካንሳስ ለሷ ከሰማይ የቀረበ አይደለም። ከሞትኩ በኋላ እነዚህን ልጆች ማን ያገናኛቸዋል የሚለው ነበር እንቅልፍ የሚነሳት። የሚያገናኛቸው በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ያ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

የምርጫው ቀን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ ቀለምና ብዕር አስቀመጠች። ሃርላን የእሑድ ኮቱን ለብሶ ወረደ። ጠረጴዛውን አየ። እሷንም አየ። ከዚያ ወጥቶ ፈረሱን ጫነና ወደ ከተማ ሄደ። የሃርላን ቤክዊዝን ፈረስ በምርጫ ቀን መንገድ ላይ ያየ ሁሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ ተገረመ።

ሲመለስ ፀሐዩ ዘቅዝቋል። "ሰጠሁ" አለ። ወረቀቱን ወደ ዳር ገፋ አደረገና እራቱን ጠበቀ።

ድሩሲላ ሳህኑን አቀረበች። በዚያ ቤት ማዕድ የሚባረከው በሷ አፍ ነበር። እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጠበቀች። ቃሉ አልመጣ አለ። የጥርስ ሕመም ያላስተወውን ምስጋና የዚያን ቀን አጣችው። ዓይኗን ገልጣ፣ "ብላ" አለች። እሷ አልበላችም።

በማግስቱ ለቨርጂል ራሷ ጻፈች። ልትዋሽለት አስባ ነበር፤ አልሆነላትም። "ወንድምህ ዘንድሮ መርጧል። ጥማዱን ያፈረሰው በቁጣ ነው፣ ቁጣውንም ያመጣው የኔ አለማወቅ ነው" አለች። አሸገችው፤ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ፖስታ ቤትም ወደሆነው የቶሊቨር ሱቅ ወስዶ መጣል ግን አቃታት። ፖስታ የገባ ነገር አይመለስም።

አገሩም ያን ሰሞን እንደሷ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ማን እንዳሸነፈ ለቀናት አልታወቀም። ኋላ ሲጣራ ኢንዲያናም፣ አገሩም የዴሞክራቶቹ ሆነ። ችቦ ይዘው፣ የላም ደወል እየደወሉ፣ በሃርላን በር ላይ አለፉ። ያ ወርቅ የተባለ ድምፅ ውሃ በላው! ሃርላን በረት ውስጥ ገብቶ ያልቆሸሸ ላም ሲጠርግ ቆየ።

የቨርጂልን ደብዳቤ ያመጣው ራሱ ሃርላን ነው። ከሱቅ ይዞት መጣ፤ አልከፈተውም። ማዕድ ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"አንቺ አንብቢው" አለ። "ሲስቅብኝ በገዛ ዓይኔ ማየት አልፈልግም።"

ድሩሲላ መነጽሯን አደረገች። ቀኑ የምርጫው ቀን ነው። ከታች የሜሊሳ ፊርማ አለ። ድምፇን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

"'ወንድሜ ሃርላን፤ እንደ ውላችን ቤቴ ነኝ። ጎረቤቶቼ እየዘፈኑ አልፈዋል፤ ሁሉም ያንተ ፓርቲ ሰዎች ናቸው፣ ድምፃቸውም እንዳንተው አያምርም። እኛ ደህና ነን። ስንዴው እግዜር ይመስገን ጥሩ ነበር። አንተ የላክኸው በቆሎ ዘር እስካሁን ከቤቴ አልጠፋም፤ በየዓመቱ ከራሱ እዘራዋለሁ፤ ጎረቤቶቼም የሃርላን በቆሎ ይሉታል።

"'ዛሬ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። የሁለታችን ድምፅ በአንድ ላይ አይቆጠርም። ያንተ እዚያ፣ የኔ እዚህ ነው፤ የኔ እዚህ ምንም አይፈይድም። ይሄን ዛሬ አይደለም ያወቅሁት። እዚህ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ነው።'"

"አላልኩሽም!" ሃርላን ከወንበሩ ተነሳ። "አላልኩሽም እታለም! ያውቅ ነበር!"

"ቁጭ በል።"

"ዓይኑን አፈር ይብላውና፣ አሥር ዓመት ሙሉ..."

"ቁጭ በል አልኩህ! አልጨረስኩም።"

ተቀመጠ። እሷም ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

"'ልነግርህ ብዕር አንስቼ ነበር። ከዚያ አሰብኩ። ጥማዱ ከቀረ ሃርላን ለኔ ምን ብሎ ይጽፋል? አንተን አውቅሃለሁ። እወድሃለሁ ለማለት እንኳ የምርጫ ሰበብ ትፈልጋለህ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ደብዳቤህን ለማግኘት ብዬ ድምፅህን ሰረቅሁህ።

"'ልጄን የቀበርኩ ዓመት፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የእግዜር ፈቃድ ነው ብሎ አለፈኝ። አንተ ግን ሐዘኔን ገና ሳትሰማ፣ በዚያው የምርጫ ቀን፣ እናታችን በሞተች ሌሊት እኔን አቅፈህ እንደተኛህ ጻፍክልኝ። እኔ አላስታውሰውም ነበር፤ ሕፃን ነበርኩ። ያ ወረቀት እጥፋቱ ላይ ተቀዶ ሜሊሳ ከኋላው ጨርቅ ሰፍታበታለች። ለሱ እግዜር ይስጥልኝ ያልኩህ አይመስለኝም። ዛሬ እላለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

"'ሃምሳ ልደፍን ነው፤ ሌባ ሆኜ ማርጀት አልፈልግም። ፈትቼሃለሁ። በሚቀጥለው ሂድና ያንን የማይረባ ፓርቲህን ምረጥ። ስትመለስ ግን፣ ካልደከመህ፣ ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ስለ በቆሎው ብቻም ቢሆን።'"

ድሩሲላ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗን የጋረዳት ጉም የመነጽሩ መስሏት ነበር።

ሃርላን ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እየተቆጣ ነው ወይስ እያለቀሰ መለየት አልቻለችም። ከዚያ ሲስቅ ሰማች፤ እንባ ያለበት ሳቅ።

"ሌባ" አለ። "ሌባ! ይሄ ከሲታ ሌባ! ፖም ሲሰርቅም እኮ እንደዚህ ነበር፤ ከበላ በኋላ መጥቶ ይናዘዝልሽ ነበር።"

"አንተ ደግሞ አብረህ በልተህ ዝም ትል ነበር" አለች ድሩሲላ።

ዞረ። "እሱ የዚያን ቀን ቤቱ ተቀምጦ ይሄን ሲጽፍ፣ እኔ የት ነበርኩ እታለም?" ብሎ ጠየቃት። ሁለቱም የት እንደነበር ያውቁታል። "ወረቀቱ የታለ?" አለ።

አመጣችለት። ተቀመጠ፤ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረና አቆመው።

"ቀኑን ምን ልበል? የምርጫውን ቀን ብጽፈው..."

"የዛሬን ጻፍ።"

"ሲያየው ያውቃል።"

"ይወቅ። እሱ ሌብነቱን ነግሮሃል፤ አንተ ደግሞ የራስህን ንገረው። ከዚያ ሁለታችሁም ሌቦች ናችሁ፣ እኩል ትሆናላችሁ።"

ጻፈ። ድሩሲላ ኪሷ ውስጥ የነበረውን የራሷን ደብዳቤ አወጣችና ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ድንች ልትልጥ ተቀመጠች። እየላጠች ሳለ፣ የጠፋባት ቃል ሳትጠራው መጣላት። ተመስገን፣ አለች በሆዷ። ሂሳብ ስላላስተማርከኝ ተመስገን። ባውቀው ኖሮ ያኔውኑ እፈታቸው ነበር፤ ይሄ ሁሉ ወረቀት አይጻፍም ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ለሷ ደግሞ የደገሰላት ባለማወቋ በኩል ነው። ድንቹ አለቀ፤ ሃርላን አልጨረሰም። ድስቱ ፈላ፤ አልጨረሰም።

በመጨረሻ ወረቀቱን ገፋላት። "ፈርሚበት" አለ፣ እንደ ልማዱ።

ልትፈርም ስትፈልግ ባዶ ቦታ አጣች። እስከ ታች ጥግ ድረስ ሞልቶ፣ በጎን አዙሮ በኅዳጉ ሁሉ ጽፎበታል። ፊደሉ ጠማማ ነው፣ ቀለሙም ሁለት ቦታ ተንጠባጥቧል። ከላይ ያለውን አነበበች።

"ወንድሜ ቨርጂል፤ ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ሄጄ መረጥኩ። በቁጣ ነው የሄድኩት። ተሸነፍን፤ ደስ ይበልህ። በቆሎው ጥሩ ነው። ዛሬ የምርጫ ቀን አይደለም። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩልህ።"